ከመደርደሪያው ግርጌ፤ የተረሱ ደራስያንን ለማንበብ የታቀደ አንድ ዓመት

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ በመማሪያ ክፍልም ሆነ በመድረክ በተወሳ ቁጥር ንግግሩ በጥቂት ስሞች ዙሪያ ይሽከረከራል። ሐዲስ ዓለማየሁ፣ ከበደ ሚካኤል፣ መንግሥቱ ለማ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን፣ በዓሉ ግርማ ይጠሩና ጉባኤው ያበቃል። ክብሩ ለእነርሱ ይገባቸዋል፤ በዚህ ላይ የሚነሣ ክርክር የለም። ይሁን እንጂ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣ የአማርኛ ልብ ወለድ አምሳ ስምንት ዓመት አስቆጥሮ ነበር። ያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት የሚበልጥ ዘመን በአብዛኞቻችን አእምሮ ውስጥ የሚኖረው በፈተና ጥያቄ መልክ ነው። የመጀመሪያው ልብ ወለድ ማን ይባላል? ደራሲውስ ማን ነው? መልሱን የሚያውቅ ብዙ ነው፤ መጽሐፉን ገልጦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነበበ ግን ከመምህራን መካከል እንኳ ቢፈለግ በቀላሉ አይገኝም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ክፍተት ለመሙላት ጸሐፊው ለራሱ ያወጣውን የንባብ ዕቅድ ከነምክንያቱ ለአንባቢያን ማቅረብ ነው። ዕቅዱ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያለውን አንድ ዓመት ይሸፍናል። የተመረጡት መጻሕፍት ዛሬ ገበያው የማይጠይቃቸው፣ ሃያሲው በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልፋቸው፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው ከመደርደሪያው ግርጌ ጎንበስ ብሎ የሚያወጣቸው ናቸው። ነገሩ የግል ቢመስልም የግል ብቻ አይደለም። ያላነበብነውን ሰው ስናወግዝም ሆነ ስናሞግስ የምንናገረው የሌላ ሰው ፍርድ ነው፤ ያንኑ ፍርድ መምህሩ ለተማሪው፣ ተማሪው ለተከታዩ ያስተላልፋል።

አስቀድሞ ግን ደራሲ እንዴት ይረሳል? ብዙ ሰው የሚመልሰው «ታግዶ» ብሎ ነው። ታሪካችን ግን ይህንን አያረጋግጥም። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» ከገበያ ቢሰበሰብም እየተፈለገ ተነቧል፤ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቢታገድም ከታገደበት ሰዓት ጀምሮ ዝናው ገነነ እንጂ አልቀነሰም። እገዳ አንዳንድ ጊዜ ከማስታወቂያ ይበልጣል። ከእገዳ ይልቅ የሚገድለው ዝምታ ነው፤ ከዝምታም ቀድሞ የሚገድለው ተገዶ የተሰጠ ምስጋና ነው። ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው እ.ኤ.አ. ከ1943 እስከ 1957 የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ሳለ መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ ደርበው አሳትመዋል። በዚያን ጊዜ ማን ደፍሮ ይተቻቸዋል? በ1967 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲገለበጥ ምስጋናውም አብሮ ጠፋ፤ ትችቱም ሳይጻፍ ቀረ። ስለዚህ ደራሲው በሕይወት ሳሉም ሆነ ከሞቱ በኋላ በሚገባ አልተነበቡም ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ሌሎቹን የጎዳቸው ደግሞ ሌላ ነው፤ የቅጅው ማነስ፣ የፊደሉና የቃላቱ ጥንታዊነት፣ ከሁሉም በላይ «ስብከት ይበዛባቸዋል» የምትለዋ አጭር ፍርድ።

የመስከረም ወር የተመደበው ለልብ ወለድ ሳይሆን ለመዝገብ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍት ቆጥረው ካታሎግ አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ አስፍተው በድጋሚ አወጡት። ከመርሐ ቤቴ ተነሥተው በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ፣ በኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ለመሆን የበቁ ሰው ናቸው። ሚኒስትር የመጻሕፍት ዝርዝር ሲያዘጋጅ በዛሬው ዐይን ሲታይ ያስደንቃል። ካታሎግ ደረቅ ነገር ነው የሚል ሰው ይህንን ቢያገላብጥ አሳቡን ሳይለውጥ አይቀርም። በማተሚያ ቤት የታተመውና በብራና የተጻፈው፣ የመንፈሳዊውና የዓለማዊው፣ የነባሩና የአዲሱ መጽሐፍ ጎን ለጎን ተሰልፎ ይታያል። አንድ አገር ስንት መጽሐፍ እንዳላት ለማወቅ መፈለግ ራሱ አዲስ አስተሳሰብ ነበር። በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት የታላላቅ ሰዎች «የሕይወት ታሪክ» ከዚሁ ጠባይ የመጣ ነው፤ የሰው ካታሎግ ቢባል ይቀላል። የንባብ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ሁሉ የእርሳቸው ደቀ መዝሙር ነውና በእርሳቸው መጀመሩ ተገቢ ነው።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያሉት ሦስት ወራት የተሰጡት ለሁለት ሰዎች ነው፤ አንደኛው ሌላውን በብዕር የተቸ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1860 ዓ.ም. በዘጌ ተወለደ፤ ሥዕል የተማረ፣ ወደ ኢጣልያ የተላከ፣ በናፖሊ የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ ያስተማረ ሰው ነው። በ1900 ዓ.ም. በሮማ ያሳተማት መቶ ገጽ የማትሞላ መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» ትባላለች፤ ኋላ በድጋሚ ስትታተም «ጦቢያ» በሚለው የጀግናዋ ስም ታወቀች። ዛሬ ደራሲያን ሁሉ «ልብ ወለድ» እያልን የምንጠቀምበት ቃል ከዚህች መጽሐፍ ርእስ የወጣ መሆኑን ልብ ይሏል። የአባታቸውን ምርኮ ለመመለስ የሚንከራተቱት መንታ ወንድምና እኅት፣ ወንድ መስላ በቤተ መንግሥት የምትኖረው ጦቢያ፣ ገንዘብ ከፍሎ ምርኮኛውን ነጻ የሚያወጣው ደግ ነጋዴ፣ ውለታውን ለመመለስ ሲሄድ በባርነት የሚሸጠው ዋሕድ፣ እነዚህ ሁሉ እንደ ተረት የተሰናሰሉ ናቸው። አማርኛው ግን ከታሪኩ ይበልጣል። የቃላቱ ብዛትና የዓረፍተ ነገሩ ልስላሴ ከርሱ በኋላ ከመጡት ብዙዎቹ ያልደረሱበት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

የአፈወርቅን ስም የቀበረው ብዕሩ አይደለም። በኢጣልያ ወረራ ዘመን ከጠላት ጋር ወግኖ አገልግሏል፤ «አፈ ቄሣር» የሚል ማዕረግም ተሰጥቶታል። ከነጻነት በኋላ ተፈርዶበት በጅማ በግዞት እንዳለ እ.ኤ.አ. በ1947 ሞተ። ሰውየውን ከዚህ ነጻ የሚያደርግ ክርክር ማቅረብ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። የአርበኛ ልጅ «ይህን ሰው ለምን አነባለሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። የጸሐፊው መልስ እንዲህ ነው፤ ባንዳነቱን የምንረዳው ሥራዎቹን ካነበብን በኋላ ነው እንጂ ሳናነብ አይደለም። ምክንያቱም በጽሑፉ ውስጥ ሁለት ሰው አለ። በ1908 እ.ኤ.አ. ለውጭ አገር መንገደኞች በፈረንሳይኛ ባሳተመው መምሪያ የመሳፍንቱን ስንፍና፣ የወታደሩን ዝርፊያ፣ የባላገሩን መጎሳቆል በጭውውት መልክ ያለ ርኅራኄ ይነቅፋል። በሚከተለው ዓመት በአማርኛ ባሳተመው «ዳግማዊ ምኒልክ» ደግሞ ያንኑ አገዛዝ በምስጋና ያጥለቀልቀዋል፤ ቴዎድሮስንና ዮሐንስን ግን ያዋርዳል። ለባዕድ አንድ ቋንቋ፣ ለወገን ሌላ ቋንቋ! የኋለኛው ዘመን ጥፋት ፍሬው በዚህ ቦታ መዘራት ጀምሮ ይሆንን? ይህንን ለመፍረድ ሁለቱን መጻሕፍት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ማነጻጸር ይጠይቃል፤ በታኅሣሥ የታሰበውም ይኸው ነው።

ለዚህ የውዳሴ ታሪክ ወዲያው መልስ የሰጠው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። በዐድዋ አካባቢ የተወለደው ይህ ሰው በልጅነቱ በምጽዋ በኩል ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በኦስትሪያና በጀርመን ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1912 በአሥመራ የታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» ጥቂት ገጾች ብቻ ያሉት ጽሑፍ ነው። ታሪክ የሚጽፍ ሰው የተደረገውን የሚያስተውል ልቡና፣ የማያዳላ ፍርድና የጠራ ቋንቋ ሊኖረው እንደሚገባ በመግቢያው ያስረዳል፤ ማዳላት ምን እንደሚመስል ለማሳየትም የአፈወርቅን መጽሐፍ ይጠቅሳል። እንግዲህ የአማርኛ የታሪክ ሂስ ልደት ይህ ነው ቢባል ተቃዋሚ የሚነሣ አይመስልም። ገብረ ሕይወት ሲተች ግን አይሳደብም፤ የአፈወርቅን ዕውቀት አይክድም። ከትችቱም አልፎ መንግሥት ሊያደርግ የሚገባውን ይዘረዝራል፤ የንጉሡ ሀብት ከመንግሥት ሀብት እንዲለይ፣ ግብር ተወስኖ እንዲሰበሰብ፣ ሕግ በመጽሐፍ እንዲጻፍ፣ ትምህርት ቤት እንዲስፋፋ፣ ሠራዊቱ ደመወዝ እንዲቆረጥለት፣ በየበሩ የሚከፈለው የውስጥ ቀረጥ እንዲቀር ያሳስባል። በምኒልክ ዘመን መጨረሻ!

ሁለተኛው ሥራው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው እርሱ በሠላሳ ሦስት ዓመቱ ገደማ በ1911 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ ነው። በ1916 ዓ.ም. አሳታሚው ጳውሎስ መናመኖ ባያወጣው ኖሮ ከእጅ ጽሑፉ ጋር በጠፋ ነበር። መጽሐፉ የሚያስረዳው ነገር ቀላል መስሎ ጥልቅ ነው። ዕውቀት ያለው ሕዝብ በመሣሪያ ታግዞ በአንድ ቀን የሚሠራውን ዕውቀት የሌለው ሕዝብ በብዙ ቀን ይሠራል፤ ሁለቱ ሲገበያዩ የአንዱ ብዙ ቀን ድካም በሌላው አንድ ቀን ሥራ ይለወጣል። ቆዳውን ሽጠን ጫማውን የምንገዛ ከሆነ ንግዱ በሰፋ ቁጥር የምንደኸየው እኛ ነን። ባቡሩ ብቻውን አያበለጽግም፤ የሚያመጣውንና የሚወስደውን ማየት ያስፈልጋል። የላቲን አሜሪካ የኢኮኖሚ ሊቃውንት ስለ ኋላቀር አገሮች ንግድ ተመሳሳይ ነገር ጽፈው ዓለምን ያነጋገሩት ከዚህ ሦስት አሥርት ዓመታት ቆይቶ ነው። ሊቃውንት ገብረ ሕይወትን እንደገና አንስተውታል፤ በእንግሊዝኛም ተተርጉሟል። ነገር ግን የምጣኔ ሀብት ምሁራን የሚያውቁትን ያህል የሥነ ጽሑፍ ሰዎች አያውቁትም። ይህ ጉዳት ነው፤ ምክንያቱም ረቂቅ አሳብን ያለ ባዕድ ቃል ለባላገር በሚገባ አማርኛ የማስረዳትን ጥበብ ከእርሱ የበለጠ የሚያስተምረን የለም። ዛሬ አንድ ገጽ ስለ ኢኮኖሚ ለመጻፍ ሃያ የውጭ ቃላት የምንበደር ሰዎች ብናፍር ይገባናል።

አንድ ነገር ልጨምር። አፈወርቅም ገብረ ሕይወትም በተለያየ ጊዜ በድሬዳዋ ጉምሩክ ሹመት ላይ ተቀምጠዋል። የአገሪቱ ሁለት ብርቱ ብዕረኞች በአንድ የቀረጥ በር ማለፋቸው ተውኔት ለሚጽፍ ሰው ጥሩ ርእስ አይወጣውም ትላላችሁ?

ጥር ወር የኅሩይ ልብ ወለዶች ነው። «ወዳጄ ልቤ» (1915 ዓ.ም.)፣ «የልብ ሐሳብ» (1923 ዓ.ም.) እና «አዲስ ዓለም» (1925 ዓ.ም.) ይነበባሉ። ስብከት የለባቸውም ብሎ መከራከር ከንቱ ነው፤ አለባቸው። ሆኖም ስብከቱ ምን እንደሚሰብክ መጠየቅ ያስፈልጋል። «የልብ ሐሳብ» ያለ ዕድሜ ጋብቻን ይነቅፋል። «አዲስ ዓለም» ውስጥ ከፓሪስ ተምሮ የተመለሰው አወቀ አባቱ ሲሞት ስለ ተዝካሩ ድግስ ከዘመዶቹ ጋር ይጋጫል። እርሱ ገንዘቡ ለሚጠቅም ነገር ይዋል ይላል፤ እነርሱ «ፈረንጅ ሆነ» ይሉታል። ይህ ክርክር በየመንደራችን ያልተነሣበት ጊዜ የለም፤ ዛሬም ስለ ሠርግና ስለ ተዝካር ወጪ የምንጨቃጨቅ ሰዎች የአወቀን ዘመዶች ድምፅ በጆሯችን እንሰማዋለን። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ደራሲ አገሩ ስትወረር ተሰድደው በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በመስከረም 1931 ዓ.ም. አረፉ። ነጻነቱን አላዩም።

የካቲት በራሱ ምክንያት አለው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ በጠላት እጅ ወድቀው ወደ አዚናራ ደሴት ከተጋዙት መካከል አንዷ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ነበሩ። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ በስዊዘርላንድ የተማሩ፣ ኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት፣ እ.ኤ.አ. በ1957ቱ ምርጫ ደግሞ የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ ሆኑ። ስማቸው ሲነሣ ሹመታቸው ይነገራል፤ በ1942 ዓ.ም. ግጥምና ተውኔት አካትተው ያሳተሙት «የልቤ መጽሐፍ» ግን የሴቶች ሥነ ጽሑፍ ታሪክ በሚጠናበት ቦታ እንኳ በስም ብቻ ይታለፋል። ከእርሳቸው ጋር በዚሁ ወር የተመስገን ገብሬ ሥራዎች ይነበባሉ። በ1941 ዓ.ም. የታተመው «የጉለሌው ሰካራም» የአማርኛ አጭር ልብ ወለድ መነሻ ሆኖ ይቆጠራል፤ ተበጀ የተባለውን ዶሮ ነጋዴ ያነበበ ሰው በቀላሉ አይረሳውም። ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ የታተመው «ሕይወቴ» የተሰኘው ግለ ታሪኩ ደግሞ የፋሺስቱን ግፍ በዐይኑ ያየ ሰው ምስክርነት ነው። አንዱን በልብ ወለድ፣ ሌላውን በታሪክ እያዩ ማንበብ ይቻላል።

ተውኔቱ ነው አስቸጋሪው። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለው የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜድያ» በእንስሳት ምሳሌ የሹማምንቱን ምግባር ስለ ነካ መታገዱ ይታወቃል። ደራሲው በሩሲያ የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ፣ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው፤ በ1999 ዓ.ም. የታተመው ግለ ታሪካቸው ከተውኔታቸው ይልቅ ደስ ብሎ ይነበባል። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ከዚህ የባሰ ዕጣ ደርሶባቸዋል። የደብረ ኤልያሱ ባለ ቅኔ የዘውዱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ግጥም የጻፉ፣ «አፋጀሽኝ»ን ለመድረክ ያበቁ፣ በስደት በሱዳን የታገሉ ሰው ሲሆኑ ሥራቸው በአብዛኛው ለመድረክ እንጂ ለማተሚያ ቤት አልተጻፈም። ዮሐንስ አድማሱ ጥናቱን ባያደርግ ኖሮ የምናውቀው ከዚህ በእጅጉ ባነሰ ነበር። የሚያሳዝነው ዮሐንስ ራሱ በ1967 ዓ.ም. በለጋ ዕድሜው ሞተ፤ የዮፍታሔ መጽሐፉም የታተመው ከሞቱ በኋላ ነው። ስለዚህ መጋቢትና ሚያዝያ ተውኔቱን ከማንበብ ይልቅ ስለ ተውኔቱ የተጻፈውን በማንበብ ያልፋሉ፤ የተሻለ መንገድ አልተገኘም።

ግንቦትና ሰኔ ለመኮንን እንዳልካቸውና ለግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ተሰጥተዋል። ከመኮንን «አርሙኝ»ና «የድሆች ከተማ» ይበቃሉ፤ ሁሉንም ለማንበብ ትዕግሥት ያለው ሰው ይጨምር። የዚህ ዓለም ከንቱነት በየገጹ ይደጋገማል፤ በሥልጣን ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ሰው ስለ ሥልጣን ከንቱነት ያለ ማቋረጥ መጻፉ ግን ራሱ መጠናት ያለበት ጉዳይ ነው። የግርማቸው «አርአያ» (1941 ዓ.ም.) ከዚህ የተለየ ነው። ከፈረንሳይ ተምሮ መጥቶ በቢሮ ወረቀት መካከል ሳይሆን በእርሻ ላይ ለመሥራት የሚመኘው ወጣት በወረራው ጊዜ ወደ አርበኝነት ይገባል። ከኅሩይ አወቀ ወደ ግርማቸው አርአያ ያለው መንገድ፣ ማለትም ተምሮ የተመለሰው ኢትዮጵያዊ በልብ ወለዳችን ውስጥ እንዴት እንደ ተለወጠ፣ አንድ ሰው በርትቶ ሊጽፈው የሚገባ ታሪክ ነው።

ለክረምቱ ቀለል ያለ ንባብ ያስፈልጋል። የታደሰ ሊበን ሁለት የአጭር ልብ ወለድ መድበሎች «መስከረም» (1949 ዓ.ም.) እና «ሌላው መንገድ» (1952 ዓ.ም.) ለዝናቡ ወራት የተቀመጡ ናቸው። ስብከቱ በነዚህ ታሪኮች ውስጥ ቀንሶ የከተማው ሰው በራሱ አንደበት መናገር ይጀምራል። ሁለት ትናንሽ መጻሕፍት ብቻ ጽፎ ዝም ያለ ሰው በመሆኑ ይመስላል፣ ከአጭር ልብ ወለድ ጸሐፊዎች በቀር የሚያስታውሰው የለም።

ስለ አፈጻጸሙ ጥቂት ቃላት ይበቃሉ። መጻሕፍቱን በሱቅ መፈለግ አድካሚ ነው፤ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያለው ክምችት አብዛኞቹን ይዘዋል። ዳግም እትም ከመጀመሪያው እትም ሊለይ ስለሚችል፣ በተለይ በፊደል አጻጻፍና በመግቢያዎች ረገድ፣ የሚቻል ከሆነ የቀድሞውን ማየት ይመረጣል። የአፈወርቅንና የኅሩይን አማርኛ በዐይን ብቻ ከማንበብ ድምፅ አሰምቶ ማንበብ ይበጃል፤ ያ ጽሑፍ የተጻፈው አንዱ ሲያነብ ሌላው ለሚሰማበት ዘመን ነውና ጆሮ ያገኘውን ዐይን ያጣዋል። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ሁለት ገጽ ማስታወሻ ይያዛል፤ በአንደኛው ገጽ ከንባቡ በፊት ስለ ደራሲው የተሰማው ፍርድ፣ በሁለተኛው ከንባቡ በኋላ የተገኘው ይጻፋል። በአንድ ትምህርት ቤት ያሉ ሦስት አራት መምህራን ይህንን በኅብረት ቢሠሩ መጻሕፍቱን ተራ በተራ መዋዋስ ይቻላል።

ጳጉሜን አምስት ቀን ናት። በነዚህ ቀናት የኅሩይ ካታሎግ እንደገና ይከፈታል፤ በዓመቱ ውስጥ ከተነበቡት ደራስያን መካከል በ1920 ዓ.ም. እትም የተመዘገቡት የትኞቹ እንደ ሆኑ በእርሳስ ምልክት ይደረግባቸዋል፤ ምልክት ካላረፈባቸው ስሞችም ለሚመጣው መስከረም አሥሩ ይመረጣሉ።